ለጀማሪ የሶፍትዌር ቴስተር፦ ከሴሌኒየም በፊት ምን ይቅደም?

ሰላም እህቴ፣ "ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ ቴስተር መሆን እፈልጋለሁ፤ ሴሌኒየም ልጀምር ወይስ ፕሌይራይት? ነፃ መማሪያስ የት አገኛለሁ?" ብለሽ ለጠየቅሽው ከሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ። የምሠራው የክፍያ ሲስተሞች ላይ ነው።

ሁለቱም ፍተሻን በራሳቸው የሚያስኬዱ ቱሎች ናቸው፤ ለጊዜው ተያቸው። ቱሉ የነገርሽውን ይደጋግማል እንጂ ምን መፈተሽ እንዳለበት አይወስንልሽም። ቃለ መጠይቅ ላይም ብዙውን የሚጥለው "ይህ ፎርም በምን በምን ዳታ ይፈተሽ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ባውንደሪ ቫልዩን (የሚፈቀደው ገደብ ጫፍ ላይ ያሉትን ቁጥሮች መፈተሽ) በደንብ ያዢ። ዝውውር ከ50 እስከ 25,000 ብር ይፈቀዳል ከተባለ፣ 300ም 7,000ም መሞከር አዲስ ነገር አይነግርሽም፤ ሁለቱም አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው (ኢኩዊቫለንስ ፓርቲሽኒንግ የሚሉት ይህንን ነው)። 49፣ 50፣ 25,000 እና 25,001 አስገቢ። ዴቨሎፐሩ "ከ50 በላይ" እና "ከ50 ጀምሮ" የሚሉትን ካምታታ እዚያ ላይ ይያዛል። ቀጥለሽ 49.99 ሞክሪ፣ ባዶውን ላኪው፣ ኮማ ያለበትን ቁጥር ኮፒ አድርገሽ ለጥፊ። ዲሲዥን ቴብል (የሁኔታዎችን ጥምረት በሠንጠረዥ መፈተሽ) እና ስቴት ትራንዚሽን (ሲስተሙ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲሸጋገር መፈተሽ) ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ።

የውጭ ኮርስ የማያስተምርሽ ደግሞ የእኛው ዳታ አለ፤ እኔ ብዙ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የማገኘው እዚህ ነው። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላበት ፎርም ሲመጣልሽ ጥቅምት 30ን አስገቢ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ፣ ከጀርባ ያለው ኮድ የፈረንጅ ካላንደር ከሆነ "ፌብሩዋሪ 30 የለም" ብሎ ይመልስሻል። ጳጉሜ 6፣ 2015ን መቀበል፣ ጳጉሜ 6፣ 2016ን ግን አልቀበልም ማለት አለበት፤ ስድስተኛዋ ቀን የምትኖረው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። መስከረም 1፣ 2016 ሲቀየር ሴፕቴምበር 12፣ 2023 መስጠት አለበት። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ 11 ላይ ይውላል ብሎ የተጻፈ ኮድ አይቻለሁ።

ስምም እንደዚያው ነው። "ፀሐይ" ብለሽ መዝግቢና "ጸሀይ" ብለሽ ፈልጊ፣ ያገኘው እንደሆነ እዪ። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ኮድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ዳታቤዙ ላይ 20 ባይት የተሰጠው ስም ከ6 ፊደል በላይ አይችልም፤ "ወልደገብርኤል" ሁለት ፊደል ጎድሎ ይቀመጣል ወይም ኤረር ያመጣል።

ለንባብ የአይኤስቲኪውቢ (ለቴስተሮች የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት) ፋውንዴሽን ሲላበስ፣ ማለትም የጀማሪው ደረጃ የትምህርት ዝርዝር፣ ይበቃሻል፤ በ2023 የወጣው 4.0 እትም ከድረ ገጻቸው በነፃ ይወርዳል። ፈተናው 40 ጥያቄ ሲሆን ማለፊያው 26 ነው፤ ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሚሆን ሥራ ሳትይዢ አትቸኩይበት። ለልምምድ ኦዋስፕ ጁስ ሾፕን አውርጂ። ሆን ተብሎ ስህተት የተሞላበት የመሸጫ ድረ ገጽ ነው፣ አንዴ ላፕቶፕሽ ላይ ከጫንሽው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ኤፒአይን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ) በፖስትማን፣ ጥያቄ ልኮ መልሱን በሚያሳይ ቱል፣ ተለማመጂ፤ ፕሌይራይት ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ ቴስት ኦቶሜሽን ዩኒቨርሲቲ ላይ ነፃ ኮርሶች አሉ።

ከጁስ ሾፕ የመጀመሪያውን ባግ ስታገኚ ሪፖርት አድርገሽ ጻፊው፦ ያስገባሽው ዳታ፣ የተከተልሽው ቅደም ተከተል፣ መሆን የነበረበት፣ የሆነው፣ ስክሪንሾት። እዚሁ ለጥፊው፣ አንብቤ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።