ሶላርና ባትሪ ለቤት ያዋጣል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የቀን ፍጆታችሁን በኪሎዋት ሰዓት እወቁ። ቆጣሪውን ዛሬ ማታና ነገ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ፤ ልዩነቱ የቀን ፍጆታችሁ ነው። ሳትለኩ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ለአንድ ቤት ስንት ፓናል ይበቃል?

መልስ፦ ፍጆታህን አልጻፍክም። ለክተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት እንጠቀማለን፤ አብዛኛው ማታ ነው። መብራት የሚጠፋው አልፎ አልፎ ነው። ባትሪ ያዋጣናል?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ፓናሉንና ባትሪውን ለየብቻ አስሉ፤ ሻጭ አንድ ላይ ደምሮ ሲነግራችሁ የፓናሉ ትርፍ የባትሪውን ኪሳራ ይደብቀዋል።

የባትሪው ስሌት ይህ ነው። 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። 80 በመቶውን ብቻ ብትጠቀሙ 4.1 ይሆናል። 4,000 ዑደት (ሞልቶ መውጣት አንድ ዑደት ነው) ከሰጠ በድምሩ 16,400 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አቅሙ ከዓመት ዓመት ስለሚቀንስ 10 በመቶ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው የሚቀይረው መሣሪያ) ላይ ለሚባክነው ሌላ 10 በመቶ አንሱ፤ ወደ 13,000 ይቀራል። የባትሪውን ዋጋ ለዚህ አካፍሉት። የምታገኙት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከቀን ወደ ማታ ለማሻገር የምትከፍሉት ነው፤ የፓናሉ ወጪ ገና አልተደመረበትም። ከቆጣሪው ታሪፍ ከበለጠ ባትሪው ገንዘብ አይቆጥብላችሁም። ያን ጊዜ የምትገዙት መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ቤት ነው፤ ለእናንተ ደግሞ የሚጠፋው አልፎ አልፎ ነው። ልብስ ማጠቢያውንና የውሃ ማሞቂያውን በሰዓት ቆጣሪ ወደ እኩለ ቀን አዛውሩና በፓናል ብቻ ጀምሩ።

ሌላ አባል፦ ለምን ሊቲየም ብቻ? የሊድ አሲድ ባትሪ በጣም ይረክሳል።

መልስ፦ ሲገዛ ነው የሚረክሰው። 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ማለት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ አይወጣም፣ ስለዚህ 1.2 ቀረ። አሁን ባዶውን የሚሠራ ኢንቨርተር ተመልከቱ፦ ምንም ሳይሰካበት 50 ዋት የሚበላ ከሆነ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ጨረሰ። አንድ አምፖል ሳይበራ የባትሪው ድርሻ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ኢንቨርተር ስትመርጡ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ፈልጉ።

ሌላ አባል፦ ብርድ ላይ ግን ሊድ ይሻላል። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች አይሞላም።

መልስ፦ ልክ ነህ፤ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚጠብቀው ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ) ራሱ መሙላቱን መከልከል አለበት። ውጭ የሚቀመጥ ከሆነ ማሞቂያ ያለው ይገዛ።

ሦስተኛ አባል፦ ሊድ እኮ ቀልጦ እንደገና ይሠራል…

መልስ፦ ሌላ ርዕስ ነው፤ ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ የትኛው ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ ስም አልጠራም። የዋስትናውን ወረቀት አንብብ።

ጥያቄ፦ ክፍት ቮልቴጃቸው (ምንም ሳይገናኝባቸው የሚሰጡት) 49.5 የሆነ 3 ፓናሎች አሉኝ። በተከታታይ 148.5 ይሆናሉ፤ ኮንትሮለሩ (ከፓናል ባትሪ የሚሞላው መሣሪያ) እስከ 150 ይቀበላል። ባትሪዬ 48 ነው። ላገናኘው?

መልስ፦ በፍጹም! ያ 49.5 የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ፓናል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ በአንድ ዲግሪ 0.27 በመቶ ገደማ። በ5 ዲግሪ ንጋት፣ ፓናሉ ሳይሞቅ ፀሐይ ሲመታው 156 ያልፋል፤ ኮንትሮለሩም ይቃጠላል። ሦስቱንም በትይዩ አታድርጋቸው፤ 48 ቮልት ባትሪ ለመሙላት 57 ገደማ ስለሚፈልግ አይደርሱለትም። አንድ ፓናል ጨምርና ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ጥንዶቹን በትይዩ አድርግ፤ አምፔሩን ኮንትሮለሩ እንደሚችል አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር የተገናኘ ሶላር መብራት ሲጠፋ ቀን ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ከፓናሉ ወደ መስመሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እዚያ የሚሠሩ ሰዎችን እንዳይገድል ኢንቨርተሩ ራሱን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ለቤቴ ስንት ፓናል ይበቃኛል?

መልስ፦ ከላይ ተጠይቋል! ሳትለኩ አትግዙ ያልኩት ለዚህ ነው። የቀን ፍጆታውን ለሙሉ ፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ፀሐይ በሙሉ ኃይሉ ቢሆን ስንት ሰዓት እንደሚሞላ)፣ ከዚያም ስለሚባክነው ለ0.75 አካፍሉ። 6 ኪሎዋት ሰዓት በ5 ሰዓት ፀሐይ 1.6 ኪሎዋት ፓናል ይፈልጋል። ሰዓቱን የምትወስዱት ፀሐይ ከሚያንስበት ወር ነው።

ጥያቄ፦ ለባትሪው የቤት ብሬከር ልጠቀም?

መልስ፦ አይሆንም። የባትሪው የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ጅረት እንደ ቤቱ ኤሌክትሪክ እየተመላለሰ ዜሮ ስለማይነካ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው አይጠፋም፤ ውስጡ ይቀልጣል። ለዲሲ የተሠራ ፊውዝ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አስገባ። አምፔሩን ደግሞ ቮልቴጁ ይወስነዋል፦ 3,000 ዋት በ48 ቮልት 62.5 አምፔር፣ በ12 ቮልት ግን 250 ነው። ገመዱ ከፊውዙ በላይ መሸከም አለበት።