ፒኤስ ፎሩ ያንተ፣ ጌሙ የሌላ ሰው

«ጋሼ፣ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ትንሽ ጌም ቤት ከፍቻለሁ። ከወር በፊት ያገለገለ ፒኤስ 4 (የሶኒ ጌም ማጫወቻ) ገዛሁ። ዘጠኝ ጌም ተጭኖበት ነበር፣ በደንብም ይሠራ ነበር። ሰሞኑን ኢንተርኔት ሳገናኘው ሁሉም ላይ የቁልፍ ምልክት መጣና አልከፍት አለ። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? ፎርማት ላድርገው ወይስ የማሽኑን ጥበቃ ሰብረህ ጄልብሬክ ትሠራልኛለህ?»

ወንድሜ፣ ፎርማት እንዳታደርገው! የቁልፍ ምልክት የሃርድ ዲስክ ብልሽት አይደለም። አንዱ ጌም ብቻ 40 እና 50 ጊጋባይት ይሆናል። አጥፍተህ እንደገና ላውርድ ብትል በሞባይል ዳታ ኪስህ ይራቆታል፤ ቁልፉም አይነሳም።

የተዘጋው ፈቃዱ ነው። ከሶኒ ስቶር፣ ማለትም ከሶኒ የኢንተርኔት ሱቅ፣ የተገዛ ጌም የሚመዘገበው በገዛው ሰው አካውንት እንጂ በማሽኑ አይደለም። አንድ አካውንት ደግሞ «ፕራይመሪ» (ዋና ማሽን) የሚያደርገው አንድ ፒኤስ 4 ብቻ ነው። ፕራይመሪው ላይ ማንም ሰው ያለ ኢንተርኔት ይጫወታል። በሌላ ማሽን ግን ባለአካውንቱ ራሱ መግባት አለበት፣ ኢንተርኔትም ያስፈልጋል። እንደሚመስለኝ ሻጩ ያንተን ማሽን ከፕራይመሪነት ሰርዞ ሌላ ፕራይመሪ አድርጓል። አንዱን አካውንት ለሦስት ለአራት ሰው የሚሸጡ አሉ። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፤ የሚከስረው ተበድሮ ሥራ የጀመረ ልጅ ነው።

ቀላሉን አስቀድም። የሻጩ አካውንት ማሽኑ ላይ ካለ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንት ማኔጅመንት ገብተህ «ሪስቶር ላይሰንስስ» (ፈቃዶቹን መልስ) በል። እምቢ ካለ ዛሬውኑ ደውልለት። መጥቶ በአካውንቱ ገብቶ ማሽንህን ፕራይመሪ ያድርግልህ። ሌላ ማሽን ይዞት ከሆነ መጀመሪያ ያንን መሰረዝ አለበት። ማሽኑ እጁ ላይ ከሌለ ከሶኒ ድረ ገጽ ሁሉንም ባንዴ መሰረዝ ይችላል፤ ይህ ግን የሚፈቀደው በስድስት ወር አንዴ ነው። አልመጣም ካለህ የጌሞቹን ዋጋ እንዲመልስ ጠይቀው።

ጄልብሬክ አልሠራልህም። ሶኒ ከደረሰበት ከኦንላይን ያግድሃል። ደግሞም ጄልብሬክ ያልተገዛ ጌም ማጫወቻ ነው፤ ጌም መሥራት ግን የሰዎች እንጀራ ነው። የኛ ዘፋኞች ካሴታቸው በጎን እየተባዛ ስንት ዓመት ጮኹ! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣላቸው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ለጌም ቤት እኔ የምመክረው ዲስክ ነው። ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢጫንም ዲስኩ ካልገባ አይከፍትም፤ እሱ እውነት ነው። ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ አይነጥቅህም። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል፣ ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ጌም ማጫወቻውን በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ካላገኘ አያጫውትም ሊለው ነበር። ተጫዋቹ ሲቆጣ ተወው። እዚህ ቢሆን አስበው!

ዲጂታል፣ ማለትም ያለ ዲስክ ከስቶሩ የሚወርድ ጌም፣ ከገዛህ በራስህ አካውንት ይሁን። የሶኒ ስቶር የአገር ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች ብዙ ሰው የሌላ አገር አካውንት ነው የሚከፍተው። ለስቶሩ መክፈያ የሚሆን ካርድ ስትገዛ አገሩን እይ፤ የአሜሪካ ካርድ የእንግሊዝ አካውንት ላይ አይገባም።