ድንጋይ ካባ ላይ በፈንጂ መሥራት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ድንጋይ ካባ ላይ በማፈንዳት ሥራ 16 ዓመት ሆነኝ። የገባሁት የድሪለር፣ ማለት ድንጋዩን በማሽን የሚቆፍረው ሰው፣ ረዳት ሆኜ ነው። ዛሬ የማፈንዳቱን ቡድን እመራለሁ። «ይህን ሙያ እንዴት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። ፈንጂ እንዴት እንደሚቀመም ለሚጠይቀኝ ግን አልመልስም። እሱን የሚማሩት ካባው ላይ፣ ፈቃድ ካለው ሰው ሥር ሆነው ነው።

ጥያቄ፦ 10ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዲግሪ የለኝም። በየት በኩል ልግባ?

በቁፋሮ በኩል ግባ ወንድሜ። መንገድ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ክሬሸር (የድንጋይ መፍጫ ማሽን) ያላቸው ካባዎች፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድሪለር ረዳት ይቀጥራሉ። መጀመሪያ የአየር ቱቦ ትጎትታለህ፣ ዘንግ ትቀይራለህ፣ የጉድጓድ ጥልቀት ትለካለህ። «ይሄ ምኑ ፈንጂ ነው?» ብለህ እንዳትንቀው። ፈንጂው የሚገባበት ጉድጓድ ለካባው ፊት፣ ለገደሉ፣ በጣም ከተጠጋ ጉልበቱ በዚያ በኩል ይወጣና ድንጋይ ይወረውራል። በጣም ከራቀ ደግሞ ድንጋዩ በደንብ ሳይሰበር መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ የሰፈሩ ሰውም ቤቴ ተሰነጠቀ ብሎ ይመጣል። ድንጋዩ ውስጥ ክፍተት ወይም ጭቃ ካለ ቀድሞ የሚያውቀው ድሪለሩ ነው። የማሽኑ ድምፅ ይለወጣል፣ የሚወጣው ዱቄት ቀለሙ ይለወጣል። ያን ጊዜ በስንተኛው ሜትር ላይ እንደሆነ የሚጽፍ ረዳት ካገኘሁ ከእጄ አልለቀውም። ጥሩ አፈንጂ የሚወጣው ከእንደዚህ ዓይነት ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ መማር ለሚፈልግስ?

የማዕድን ምህንድስና ተማር። አክሱም ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣሉ። ጂኦሎጂም ጥሩ መንገድ ነው። ስትመረቅ ግን ቢሮ አትቀመጥ። አንድ ዓመት ከድሪለሮች ጋር አቧራ ብላ።

ጥያቄ፦ ሰው የሚሞተው ፈንጂው እጁ ላይ ሲፈነዳ ነው አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ በጣም የምፈራው የሚወረወረውን ድንጋይና ጠባቂ ያልቆመበትን መግቢያ ነው። በሦስተኛው ዓመቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ሳይረን ነፍተናል፣ በየመንገዱ ቀይ ጨርቅ የያዘ ጠባቂ አቁመናል። ያኔ የማፈንጃውን ቁልፍ የሚይዘው አለቃዬ ነበር። ከካባው ጀርባ ባለው ሸለቆ አንድ እረኛ ልጅ ጥጃውን እየፈለገ ብቅ አለ። እዚያ ጠባቂ አልቆመም፤ ማንም መንገድ ነው ብሎ አላሰበም። አለቃዬ ቁልፉን ገና ከኪሱ አላወጣም ነበር። ልጁ የተረፈው በዚያ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማፈንዳታችን በፊት በነበረው ቀን ዙሪያውን በእግሬ እዞራለሁ። ከብት የሚሄድበትን፣ ውኃ የሚቀዱበትን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት አቋርጠው የሚመጡበትን ሁሉ የአካባቢውን ሰው እጠይቃለሁ። ካርታ ይህን አያሳይም።

ጥያቄ፦ ሳይፈነዳ ቢቀርስ?

መጠበቅ። የአሜሪካ የማዕድን ደህንነት ደንብ በሚነድ ክር የሚቀጣጠል ወይም ዲቶኔተሩ (ፈንጂውን የሚያስነሳው ትንሽ ቀስቃሽ) ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ሌላ ዓይነት ከሆነ 15 ደቂቃ ማንም እንዳይጠጋ ይላል። እኛ ከዚያም እንበልጣለን። ከዚያ በኋላ የሚገባው ኃላፊው ብቻ ነው። ድንጋይ የሚጭነው ማሽን፣ ሎደር፣ አይገባም። በከሸፈው ጉድጓድ ላይ ደግሞ መቆፈር ፈጽሞ አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ለጤና እንዴት ነው?

ስለ አቧራው ተጠንቀቁ፣ እባካችሁ። የድንጋይ ዱቄት ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ሳንባ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፣ የተጎዳው ሳንባም ተመልሶ አይድንም። በውኃ የሚቆፍር ወይም አቧራ የሚስብ ማሽን ጠይቁ። በአፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ ምንም አይከላከልም። የድሮው ድማሚት ደግሞ በእጅ ሲነካ ብርቱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ውስጡ ያለው ናይትሮግሊሰሪን ነው። አሁን በብዛት የሚሠራበት ኢመልሽን የሚባለው ፈንጂ ይህ የለውም። ከፍንዳታ በኋላ ብርቱካናማ ጭስ ካያችሁ ግን ሽሹ፤ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ቤሩት የፈነዳው እናንተ የምትሠሩበት ነው? እህቴ ያኔ እዚያ ነበረች።

እንኳን ተረፈችልሽ እህቴ። አዎ፣ አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ማዳበሪያም ፈንጂም ይሆናል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የፈነዳው ወደ 2,750 ቶን የሚሆን፣ ወደብ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ የቆየ ነበር። እሳት ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ለዚህ ነው በእኛ ሥራ መጋዘኑ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው። ፈንጂውና ዲቶኔተሩም አንድ ቤት አያድሩም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ለጁላይ 4 ርችት የሚተኩሱት ጋር መሥራት እፈልጋለሁ።

ካባ ባይሆንም የሚቀርብ ሙያ ነው። ርችት የሚያሳዩ ድርጅቶች ከሰኔ በፊት ረዳት ይፈልጋሉ። ሥራው ቱቦ መትከል፣ አሸዋ መሙላት፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ሌሊት ደግሞ ያልተተኮሰውን መልቀም ነው። ለአብዛኛው ሰው የወቅት ሥራ ስለሆነ ቋሚ ሥራህን አትልቀቅ። ፈንጂ የሚነካ ሠራተኛ ማንነቱ በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት፣ በኤቲኤፍ፣ ይጣራል። ግሪን ካርድ ካለህ ይፈቀድልሃል። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ከሆንክ ግን በሕግ አይቻልም፣ አትሞክረው። እዚያ የሚከተሉት ደንብ ለእያንዳንዱ ኢንች የርችት ስፋት 70 ጫማ ርቀት ይጠይቃል። ባለ 6 ኢንች ከሆነ ተመልካቹ 420 ጫማ ይርቃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ትንሽ ርችት ሠርቼ ብለማመድስ?

አይሆንም። ጣት ያጡ ልጆች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ፈንጂ ማምከንስ ከእናንተ ሥራ ጋር አንድ ነው?

የተለየ ሙያ ነው። እኛ ያስቀመጥነውን እናውቃለን፤ እነሱ ሌላው የቀበረውን ነው የሚፈልጉት። ሥልጠናውም የራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል ነው። በጦርነት አካባቢ ያልፈነዳ ነገር ካያችሁ እኔንም አትጥሩ፤ ሳትነኩ ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ለሴት ይሆናል?

ይሆናል እንጂ። የእኛን መጋዘን የምትይዘው ሴት ናት። ጠዋት ቆጥራ ትሰጣለች፣ ማታ የተረፈውን ቆጥራ ትረከባለች። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ አንድ ዲቶኔተር ጎደለባት። ሠራተኛው ደክሟል፣ ሰርቪስ ቆሟል፣ ፎርማኑ «ነገ ይገኛል» ብሎ ይለምናታል። «ሳይገኝ ማንም አይወጣም» አለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፒክ አፑ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ተገኘ። ፈርማ ቆለፈች፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤት ሄድን።