መልስ፦ የፎረንሲክ ማይክሮስኮፕ በየትኛው የታሪፍ ኮድ ይገባል?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ላለው የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ላብራቶሪ የጥይት ማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ፣ ካሜራና ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን ተንትኖ የዕቃን ይዘት የሚለይ መሣሪያ) እያስመጣችሁ ነው። ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) «ሁሉም ፎረንሲክ ነው፣ በአንድ ኮድ ይግባ» ብሏችኋል። እባክህ እንዳትስማማ። የጉምሩክ ታሪፉ፣ ማለትም ዕቃዎች በቁጥር የሚመደቡበት ዝርዝር፣ «ፎረንሲክ» የሚባል የራሱ ክፍል የለውም። የሚታየው መሣሪያው ራሱ ነው።

ማይክሮስኮፑ በታሪፍ ቁጥር 90.11 ውስጥ ነው። ፎቶ ለማንሳት ተዋቅሮ ከመጣ 9011.20፣ ካልሆነ 9011.80። በሁለት ዓይን ጥልቀት የሚያሳየው ስቴሪዮ ደግሞ 9011.10 ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢጨመር ወደ 90.12 ይሄዳል። በጨረራ፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት፣ በሚታይ ብርሃን ወይም በኢንፍራሬድ የሚሠራው ስፔክትሮሜትር 9027.30 ነው።

ሰው የሚሳሳተው ካሜራው ላይ ነው። 9006.30 ለወንጀል ምርመራ የሚውሉ ማነጻጸሪያ ካሜራዎችን በስም ይጠቅሳል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ይጽፈዋል። ግን 90.06 በፊልም ጥቅል ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች ቤት ነው። ዲጂታል ከሆነ 85.25 ነው የሚያስፈልገው። ዛሬ የሚሸጠው ባብዛኛው ዲጂታል ስለሆነ ይህን በደንብ አጣራ። ካሜራው ለብቻው ተልኮ ይሁን ከማይክሮስኮፑ ጋር ተገጥሞ፣ ያም ለውጥ ያመጣል።

የኮዱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ዓለም አቀፍ ናቸው። የቀሩትንና የቀረጡን መጠን ግን ከኢትዮጵያ ታሪፍ መጽሐፍ አሁን ከሚሠራበት እትም ተመልከት። ከአምራቹ ካታሎግና የቴክኒክ ዝርዝር አስመጣ፣ በኢንቮይሱ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ ይጻፍ። ጥርጣሬ ካለ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ ለጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ ጠይቁ።