ይምርሃነ ክርስቶስን ለጉብኝት ሄጄ ነበር፤ በረከት አለኝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለገና ላሊበላ ሄጄ ነበር። በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር የይምርሃነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን አየን። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለጉብኝት ነው። ቁርስ በልተን ነው የገባነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን አፅም በስልኬ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። ብዙ ሰው አየው። እናቴ ግን ስታየው አለቀሰች። «የሰው አፅም ላይ ትጫወቻለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋም። እንዲህ ሆኖ መሄድ ኃጢአት ነው? በረከትስ አገኛለሁ?

መልስ፦ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ፣ እኅቴ። እናትሽ ያለቀሱት እውነት ይዘው ነውና ከእሱ ልጀምር።

እነዚያ አፅሞች የማን ናቸው? የቦታው ትውፊት ከሩቅ አገር ሳይቀር ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን እንደሆኑ ይናገራል። አንዳንዶቹ ገላቸው ደርቆ እንኳ ቅርጹን አልለቀቀም። እነሱም እንዳንቺ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተዋል። ልዩነቱ አለመመለሳቸው ነው። ስለዚህ የገባሽበት ቦታ መቃብር ነው። የአያትሽ መቃብር ተከፍቶ ቢሆን ስልክ አውጥተሽ ትቀርጪ ነበር? አትቀርጪም። ነጠላሽን ወደ ፊት ስበሽ «ነፍስ ይማር» ትያለሽ።

ቤተ ክርስቲያን ለአፅም ክብር የምትሰጠው ዝም ብላ አይደለም። በ2ኛ ነገሥት 13፥21 ሬሳ የኤልሳዕን አፅም ሲነካ ተነሥቷል። እግዚአብሔር በወዳጆቹ አጥንት ላይ ሥራ ይሠራል ብለን እናምናለን። የቅዱሳንም ባይሆን የክርስቲያን ሁሉ ሥጋ የተጠመቀ፣ የቆረበ፣ ትንሣኤን የሚጠብቅ ሥጋ ነው። ለዚህ ነው ፈትተን፣ አጥነን የምንቀብረው።

ቁርሱን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። ለቁርባንና ለጸበል መጾም ግድ ነው። ከቅዳሴ ውጭ ሊሳለም የገባን ሰው ግን በልተሃል ብለን ኃጢአተኛ አንለውም። የገናም ጾም ተፈትቷል። ብቻ ገዳም የራሱ ሥርዓት ስላለው በር ላይ ካህኑን መጠየቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ለጉብኝት መሄድ ራሱ ኃጢአት አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ እኮ የሚያስደንቅ ነው! እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ዋሻ ውስጥ የታነፀ ነው። ሠሪው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው ንጉሥም ካህንም የነበረው ቅዱስ ይምርሃነ ክርስቶስ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን እየሆነ በአክሱም ዘመን አሠራር ወደ ላይ ይወጣል። ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ጋርዶት ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንገቴ እስኪያመኝ የጣሪያውን የእንጨት ሥራ ሳይ ቆየሁ። ማየት ያስደስታል፤ ደስታውም ከእግዚአብሔር ነው።

ያኔ ግን አንዲት እናት አጠገቤ ነበሩ። ጣሪያውን ቀና ብለው አላዩትም። ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ላይ አድርገው የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር። እሳቸው ሲጨርሱ እኔ ገና አንዲት አቡነ ዘበሰማያት እንዳላደረስኩ ትዝ አለኝ። መምህር ተብዬ! የዚያን ቀን ጎብኚው እኔ ነበርኩ፣ ተሳላሚዋ እሳቸው። ሁለታችንም አንድ ዋሻ ውስጥ ነን።

ጌታ በማቴዎስ 10፥41 ጻድቅን በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቁን ዋጋ ይወስዳል ብሏል። «በጻድቅ ስም» የምትለዋን ያዢያት። የመጣሽው ወደ ማን ቤት እንደሆነ አውቀሽ፣ እሱን ብለሽ ስትገቢ ዋጋው ይገኛል። ሳታስቢ ገብተሽ ከሆነ ደግሞ በሩ አልተዘጋብሽም። ይኸው ልብሽ አልረጋም ብለሻል። እኔ ይህን ራሱን ከበረከቱ እቆጥረዋለሁ።

ቪዲዮውን ዛሬውኑ አጥፊው። ያጋሩት ጓደኞችሽም እንዲያጠፉ ለምኛቸው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽን እሳቸው ያውቃሉ። እናትሽንም ይቅርታ ጠይቂ።

የጻድቁ በዓል ጥቅምት 19 ነው። ከቻልሽ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ለመባ ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ያዙ። ከቅዳሴ በፊት ድረሱ። ዳገቱን ቀስ እያላችሁ ውጡ፤ የጥዱ ጥላ ያሳርፋችኋል። ከጀርባ ያሉት ዘንድ ስትደርሱ ስልክሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁንና እናትሽ የሚያደርጉትን አይተሽ እንደሳቸው አድርጊ።