«ኤይስ»፦ «ይሰረይ ዘንድ» ወይስ «ስለ ተሰረየ»?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ሐዋርያት ሥራ 2፥38 ላይ ጴጥሮስ «ንስሐ ግቡ፥ ኃጢአታችሁም ይሰረይ ዘንድ … ተጠመቁ» ሲል የተጠቀመባት «ኤይስ» የተባለች የግሪክ መስተዋድድ «ኃጢአታችሁ ስለ ተሰረየ» ማለት ትችላለች ወይ? እኔ እዚህ ቦታ ላይ አትችልም ባይ ነኝ። እዚህ የደረስኩት ግን ተረትቼ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የጥናት ቡድን ውስጥ «ስለ ተሰረየ» የሚለውን በሙሉ ልብ አስተምር ነበር። ማስረጃዬ ማቴዎስ 12፥41 ነው። የነነዌ ሰዎች በዮናስ ስብከት ንስሐ ገቡ ሲል ግሪኩ «ኤይስ» ይላል። ስብከቱ ደግሞ ለንስሐቸው ምክንያት ነው። አለቀ ብዬ ነበር። አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣችና «ማቴዎስ 26፥28ስ?» አለችኝ። ገለጥኩት። «ለኃጢአት ይቅርታ የሚፈስ» ደም ይላል፤ ግሪኩ «ኤይስ አፌሲን ሃማርቲዮን»። ጴጥሮስ «የእናንተ» የሚለውን ጨመረበት እንጂ ሐረጉ ያው ነው። ታዲያ ጌታ ደሙን ያፈሰሰው ኃጢአት ቀድሞ ስለ ተሰረየ ነው? ላብ አጠመቀኝ።

ቤት ገብቼ ኮንኮርዳንስ (እያንዳንዱ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ የት የት እንደሚገኝ የሚዘረዝር መጽሐፍ) ይዤ ቁጭ አልኩ። ቃሏ በአዲስ ኪዳን ከ1,700 ጊዜ በላይ አለች። ሁሉንም አየሁ ብል ዋሸሁ። ግን ስሜቷ ቶሎ ይገባሃል፦ «ወደ… ውስጥ»። ወደ ቤት፣ ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ አንድ ዓላማ። ምክንያት ታሳያለች የሚባልባቸው ጥቅሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የዮናሱም «ስብከቱን ሰምተው» ተብሎ ቢነበብ ያስኬዳል።

ምሁራንም ተሟግተውበታል። በ1951 እ.ኤ.አ. ጁሊየስ ማንቲ ቃሏ ምክንያትም ታሳያለች ብሎ ከሌሎች የግሪክ ጽሑፎች ምሳሌ አመጣ። ራልፍ ማርከስ ምሳሌዎቹን መርምሮ አልተቀበላቸውም፤ ማንቲ ልክ ቢሆን እንኳ ልክ የሚሆነው በሌላ ምክንያት እንጂ በቋንቋው ማስረጃ አይደለም አለ። ለእኔ የማርከስ ሚዛን ይደፋል።

የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን «ይሰረይ ዘንድ» ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ «ዘንድ» ወደ ኋላ አያይም። አንድ ነገር ግን ሸፍነዋል። ግሪኩ «ንስሐ ግቡ» ሲል ለብዙ ነው፤ «ተጠመቁ» የሚለው ግን ቃል በቃል «እያንዳንዱ ይጠመቅ» ነው፤ «ኃጢአታችሁ» ላይ እንደገና ወደ ብዙ ይመለሳል። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ስርየቱ የተያያዘው ከንስሐው ጋር ብቻ ነው ይላሉ። እኔን አላሳመነኝም፤ አረፍተ ነገሩን በግድ መቁረጥ ይመስለኛል። ቢሆንም ከ«ስለ ተሰረየ» ይልቅ ይህኛው ክርክር ክብደት አለው።

«ታዲያ ያልተጠመቀ ስርየት የለውም?» ካልከኝ፣ ያንን ከአንዲት መስተዋድድ አትጠይቅ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን አንብብ፤ የቆርኔሌዎስ ቤተሰብ መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት ሳይጠመቁ ነው፣ ጴጥሮስም ከዚያ በኋላ ይጠመቁ ዘንድ አዘዘ።