«እንጨቱ መዳፌን ያሞቀኛል»፦ ስለ ታይ ቺና ቺጎንግ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 66 ነው። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሁለት ጊዜም ወድቄ ነበርና ሐኪሜ ታይ ቺ ጀምሪ አለኝ። በሰፈራችን የአረጋውያን ማእከል እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ይሰጣል። አስተማሪዋ በሁለት መዳፋችን መሐል የምንይዘው አጭር እንጨት ሰጥታን እሱን እያሽከረከርን በዝግታ እንወዛወዛለን። ጉልበቴ ቀሎኛል። ግን «ቺ የሚባለውን ኃይል በመዳፋችሁ ሰብስባችሁ ከእምብርታችሁ በታች አስቀምጡ» ትላለች፤ እውነትም መዳፌ ይሞቃል። ለአንዲት የማኅበራችን እኅት ብነግራት «ባዕድ አምልኮ ነው፣ ቶሎ ንስሐ ግቢ» አለችኝ። ኃጢአት ነው? እንጨቱ ላይ መስቀል ባስቀርጽበትስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። መስቀል አያስቀርጹበት። ነገሩ ክፉ ከሆነ መስቀል ስለተቀረጸበት አይያዝም። ክፉ ካልሆነ ደግሞ ቅዱስ መስቀሉን የጉልበት ማፍታቻ ላይ ቀርጾ ማሽከርከር ምን የሚሉት ነው?

ያን እንጨት አይቼዋለሁ። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፣ መሐሉ ወፈር ብሎ ጫፍና ጫፉ የተድበለበለ፣ ለሊጥ መዳመጫ ትንሽ የጎደለው። ጫፎቹን በመዳፎቻቸው መሐል ይዘው ብስክሌት እንደሚነዳ እግር ወደ ፊት እያዞሩ፣ ክብደታቸውን ከተረከዝ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ተረከዝ ሲያመላልሱ አየሁ። የእንጨቱ ሥራ ሁለቱ እጆች እንዳይለያዩና ትከሻ እንዳይወጠር መጠበቅ ነው። ሌላ ነገር አላየሁበትም።

አንድ ቻይናዊ በልደት በዓል ላሊበላ ተገኝቶ፣ በቤዛ ኵሉ ካህናቱ መቋሚያ ይዘው ወዲህና ወዲያ ሲያሸበሽቡ አይቶ «እነዚህ ሰዎች ዱላ ያመልካሉ» ቢል ምን እንለዋለን? «ቀርበህ ጠይቅ» ነው የምንለው። እኛም ሳንጠይቅ አንፍረድ። (የመቋሚያችንን ምስጢር ከዚያ እንጨት ጋር ማስተካከሌ ግን አይደለም።)

ታይ ቺ በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሄናን ክፍለ ሀገር፣ በቼን ቤተሰብ መንደር የዳበረ የውጊያ ጥበብ ነው፤ ሙሉ ስሙ ታይ ቺ ቹዋን ሲሆን «ቹዋን» ጡጫ ማለት ነው። መለያው የሆነው የጥቁርና ነጩ ክብ ምልክትና ከጀርባው ያለው ፍልስፍና ከቻይናውያን የጥንት እምነት መምጣቱን መካድ አይገባም። ዛሬ በየመናፈሻው የሚሠራውን የ24 እንቅስቃሴ ስልት በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ለሕዝብ ጤና ብሎ ያሳጠረው ግን የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ነው። ያ መንግሥት ደግሞ እንኳን ጣዖት ሊያመልክ እግዚአብሔርም የለም ባይ ነበር። ሐኪምዎም በዘፈቀደ አልመከሩዎትም። በ2012 በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና ሚዛን የሚያሳጣ የነርቭ በሽታ) ሕሙማንን ለ24 ሳምንት ተከታትሎ፣ ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት ከማፍታታት በቀር ሌላ ካልሠሩት ያነሰ መውደቃቸውን አሳይቷል። ጠቢቡ ሲራክም ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል።

ቺጎንግ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቺጎንግ «ቺ» የሚሉትን በትንፋሽና በዝግታ እንቅስቃሴ መለማመድ ነው፤ አስተማሪዋ «ቺ ሰብስቡ» ማለቷም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በነገራችን ላይ የታይ ቺ «ቺ» እና የቺጎንግ «ቺ» በቻይንኛ አንድ ቃል አይደሉም፤ የመጀመሪያው ጫፍ፣ ወሰን እንደ ማለት ነው፣ እስትንፋስ የሚባለው ሁለተኛው ነው። እስትንፋስ የሚለው ቃል ብቻውን አያስደነግጠንም፤ በግእዛችንም ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የሚያስጨንቀው አንዳንዶች በቃሉ ላይ የሚጭኑበት ትርጉም ነው። በ1992 በቻይና የተነሣውን፣ ፋሉን ጎንግ የተባለውን የቺጎንግ እንቅስቃሴ ይመልከቱ፦ ሲያዩት ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ነው፣ ውስጡ ግን መሥራቹ ያመጣው ሙሉ የመዳን ትምህርት አለ። እጅ ያው እጅ ሆኖ ልብ የሚሄድበት ይለያያል።

ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ገበያ ስለሚሸጠው ሥጋ የተናገረው ለዚህ ይሆነናል። ሳትመራመሩ ብሉ አለ፤ ነገር ግን አንዱ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ብሎ ከነገራችሁ አትብሉ። ሥጋው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የተነገረበት ነገር ነው። ስለዚህ እናቴ፣ አስተማሪዋን ጠጋ ብለው «ቺ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» ብለው ይጠይቋት። «ትንፋሻችሁንና ሐሳባችሁን ሰብስቡ ለማለት ነው» ካለች፣ እኛም ልጆቻችንን «ልብህን ሰብስብ» እንላለንና እንቅስቃሴውን ይቀጥሉ። «ዓለምን የሞላ ኃይል ነው፣ ከእርሱ ጋር አንድ ትሆኛለሽ፣ እርሱ ይፈውስሻል» ካለች ግን እንጨቱን አመስግነው መልሰው ሌላ ቦታ ይፈልጉ። በባዕድ ሥዕል ፊት ማጎንበስ፣ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል መደጋገም፣ «ኃይል ላስተላልፍልሽ» ተብሎ እጅ መጫን ካለ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልገውም፣ ይውጡ። መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድ ጋር የተካከለ አካል ያለው አምላክ ነው፤ በመዳፍ ተጠራቅሞ ከእምብርት በታች የሚቀመጥ ኃይል አይደለም።

የመዳፍዎ ሙቀት አያስፈራዎት። ክረምት ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ሁለት እጅዎን ቢያፋትጉ የማይሞቅ መዳፍ አለ? ደም ሲዘዋወር፣ ትንፋሽ ሲረጋ ሰውነት ይሞቃል። ለዚህ ጋኔንም ቺም መጥራት የለብንም።

ከእንጨት ኃይል የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን የግያዝን ታሪክ ያንብብ። ነቢዩ ኤልሳዕ የገዛ በትሩን ሰጥቶ ላከው፤ ግያዝ ሮጦ በሞተው ሕፃን ፊት ላይ አኖረው። ምንም አልሆነም። ሕፃኑ የተነሣው ኤልሳዕ ራሱ መጥቶ በሩን ዘግቶ ወደ እግዚአብሔር ከጸለየ በኋላ ነው። የነቢይ በትር ብቻውን ያላደረገውን የመዳመጫ ታናሽ አያደርገውም።

ያቺ እኅት ለነፍስዎ ተቆርቁራ ነውና አይቀየሟት። ንስሐን ማስፈራሪያ ማድረጓ ግን ትክክል አይደለም።

እኔን ከእንጨቱ ይልቅ ያሳሰበኝ በደብዳቤዎ መሐል በዋዛ ያለፉት ነገር ነው፤ «እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት» ብለዋል። የቅዳሴ ሰዓት አይደለም እንዴ? በሥራ ቀን ሌላ ክፍለ ጊዜ እንዳለ ማእከሉን ይጠይቁ፤ ለጡረተኛ ማክሰኞም ሐሙስም ያው ነው። ጉልበትዎ እስኪጠና ድረስ ደግሞ ስግደቱን በአድንኖ፣ ራስን ዝቅ በማድረግ፣ መፈጸም ይችሉ እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ስለ ታይ ቺውም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።